ልጆች ሲጣሉ ምን እናድርግ? ህፃናት ማቆያና ኬጂ ለምትሰሩ፣ ከባህር ዳር

ይሄን ምፅፈው ህፃናት ማቆያ ወይ ኬጂ ውስጥ ለምትሰሩ ነው፣ ሞግዚት ለሆናችሁም የጎረቤት ልጅ ሰብስባችሁ ለምትውሉም ይሆናል። እኔ ባህር ዳር ነው ምሰራው፣ ክፍላችን ከ2 እስከ 5 አመት ያሉ ልጆች አንድ ላይ ሚውሉበት ነው፣ እና ከጠዋት እስከ ማታ ሚሰማው «የኔ ነው!» «እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኩት!» «ሚስ፣ መታኝ!» ነው። ብዙዎቻችን ይሄን ስንሰማ ስራችን የተቋረጠ ይመስለናል፣ ተረት እየነገርን ነበር፣ ቀለም እያስለየን ነበር፣ አሁን ደሞ መጡ እንላለን። ግን እዚህ እድሜ ላይ ላለ ልጅ ትልቁ ትምህርት እኮ ጠቡ ራሱ ነው። ተራ መጠበቅን፣ ንዴትን በእጅ ሳይሆን በአፍ ማውጣትን፣ «ለካ እሷም ይከፋታል» ብሎ ማሰብን ሰሌዳ ላይ ፅፈን አናስተምረውም፣ አንድ መኪና ለሁለት ሲጓተቱ ነው ሚማሩት፣ እኛ አጠገባቸው ካለን።

ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ክፍል ውስጥ ጠብ በተነሳ ቁጥር ሚረታው አፉ የፈታ ልጅ ነው። ሮጦ መጥቶ ይከሳል፣ አሳምሮ ያስረዳል፣ እኛም በሰማነው እንፈርዳለን። መናገር የዘገየው፣ መስማት የተሳናት፣ ቤቱ አገውኛ ሲሰማ አድጎ አማርኛ ገና እየለመደ ያለው ልጅ ግን ምንም ማለት ስለማይችል ይማታል፣ ወይ ይነክሳል፣ ወይ ጥግ ሄዶ ያለቅሳል፣ በቃ «አስቸጋሪ ልጅ» ሚል ስም ይወጣለታል። ስለዚህ አካታችነት (አካል ጉዳት ያለበትንም ሌላ ቋንቋ ሚናገረውንም ሁሉንም ልጅ አብሮ ማቀፍ) ሌላ ስልጠና፣ ጠብ መፍታት ሌላ ስልጠና ሆኖ ሲሰጥ አይዋጥልኝም። ከታች ያሉትን ስታነቡ ይሄን መናገር ያልቻለ ልጅ እያሰባችሁ አንብቡ።

1. መጀመሪያ እድሜያቸውን እወቁ

የ2 አመት ልጅ «አካፍል» ቢባል አይገባውም። ክፋት ወይ ስስት አይደለም፣ «የኔ» ሚባል ነገር እንዳለ ያወቀው ገና አሁን ነው፣ ያወቀውን ወዲያው ስጥ ሲሉት ይጮሃል። እዚህ እድሜ ላይ ሚጫወተው ከሌላ ልጅ ጎን እንጂ ከሌላ ልጅ ጋር አይደለም፣ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቁጭ ብለው አንዱ አሸዋ ሲያፈስ አንዱ ክዳን ሲገጥም ብታዩ ተኮራርፈው አይደለም፣ እድሜያቸው ነው። 3 አመት ሲሞላው ተራው ቶሎ ሚደርስ ከሆነ መጠበቅ ይጀምራል። ወደ 4 ሲሄድ አብሮ መጫወት፣ «አንተ ሹፌር ሁን እኔ ረዳት» መባባል ይመጣል፣ ጠቡም አብሮ ይበዛል ምክንያቱም ህግ ማውጣት ጀምረዋል። 5 አመት ላይ ደሞ ራሳቸው መፍትሄ ማምጣት ይችላሉ፣ አንዳንዴ እኛ ከምናመጣው ሚሻል።

ይሄን ካወቃችሁ የ2 አመቱን በ5 አመቱ ህግ አትቀጡትም። ትልቁንም «አንተ ትልቅ ነህ፣ ተወው፣ ታናሽህ ነው» እያላችሁ ሁልጊዜ አታስለቅቁትም። ይቺ አባባል ቤታችን ሁሉ አለች፣ ለትልቁ ግን ምን እንደምታስተምረው አስቡት፣ ጉልበት የሌለው ስላለቀሰ ብቻ ያገኛል፣ አንተ ደሞ ምንም ብታስረዳ ሰሚ የለህም።

2. ክፍሉን አዘጋጁ፣ ግማሹ ጠብ እዛው ይቀራል

ብዙ ጠብ ከልጆቹ ባህሪ ሳይሆን ከቦታው ነው ሚመጣው። በተለይ መስሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያሉ ማቆያዎች፣ በ2010 የወጣው የፌደራል መንግስት ሰራተኞች አዋጅ 1064/2010 መስሪያ ቤቶች ለእናት ሰራተኞች ማቆያ እንዲያዘጋጁ ይል ነበር፣ ግን ሚሰጣችሁ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል፣ ሚድኸውም ሚሮጠውም እዛው። እንደዛ ከሆነ በፍራሽ ወይ ዝቅ ባለ መደርደሪያ ክፈሉት፣ ሚሮጡት በኩል አንድ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚፈልግ አንድ ጥግ። ዝም ሚባልበት ጥግ መቀጫ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፣ ትራስ፣ ነጠላ፣ አንድ ሁለት መፅሐፍ አድርጉበትና ልጁ ሲፈልግ ሚሄድበት ይሁን።

ሁሉም ሚወደው እቃ ካለ አንድ አትግዙ፣ ከአምስት አይነት መጫወቻ አንዳንድ ከመግዛት ከሁለት አይነት ሶስት ሶስት መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ገንዘብ ከሌለም ችግር የለም፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ክዳን፣ የሳሙና ካርቶን፣ ከደንገል የተሰራች ትንሽ ታንኳ፣ እነዚህ እኛ ጋ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ልጆቹም አባቶቻቸው ሲጠቀሙበት ያዩት ነገር ስለሆነ ይወዱታል። ውሃ ጨዋታ ስታዘጋጁ ግን የቧንቧ ውሃ በሳፋ ይሁን፣ ጣና ዳር ወስዳችሁ ውሃው ውስጥ አታስገቧቸው። የጣና ዳር ውሃ ቢልሃርዝያ አለበት፣ በሽታው ውሃው ውስጥ እግሩን በነከረ ልጅ በቆዳ ነው ሚገባው። ሳፋው አጠገብም አዋቂ ሰው ለደቂቃ እንዳይጠፋ፣ ትንሽ ልጅ ጣት በማትሞላ ውሃ ውስጥ በአፉ ቢደፋ ሊሰምጥ ይችላል። ጨዋታው ሲያልቅ ሳፋውን ወዲያው ድፉት።

ሌላው ሰዓት ነው። የተራበና እንቅልፉ የመጣ ልጅ ይጣላል፣ አለቀ። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 አመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፣ የቀኑ እንቅልፍ ተቆጥሮ፣ ስክሪን ደሞ ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል። ማታ ከአዋቂ ጋር ድራማ ሲያይ አምሽቶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባጃጅ ተጭኖ የመጣ ልጅ 5 ሰዓት ላይ ሚነክስ ከሆነ መጀመሪያ ስለእንቅልፉ ጠይቁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደሞ የባህር ዳር ሙቀት ራሱ ያጣላል፣ ውሃ አጠጡ፣ የሩጫውን ጨዋታ ወደ ጠዋት አምጡት።

3. ጠቡ ሲነሳ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሁላችንም ምንሳሳተው እዚህ ነው። ሃይስኮፕ ሚባለው የአሜሪካ የህፃናት ትምህርት ተቋም ለዚህ ባለ 6 ደረጃ አካሄድ አለው፣ እኔም ምከተለው ከሱ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ቁጭ ብላችሁ ያያችሁ ሰዎች አዲስ አይሆንባችሁም። ጥሩ ሽማግሌ መጥቶ «አንተ ነህ ጥፋተኛው» አይልም፣ ግራ ቀኙን ይሰማል፣ የሰማውን መልሶ ይናገራል፣ እርቁን ራሳቸው እንዲያመጡት ያደርጋል። ከልጆች ጋር ልዩነቱ ፍጥነቱ ነው፣ ሁሉም ነገር በሁለት በሶስት ደቂቃ ማለቅ አለበት፣ ከዛ በላይ አይቆዩላችሁም።

አንድ ልንገራችሁ። ሶልያና 4 አመቷ ነው፣ ናሆም 3 ተኩል (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ)። ሳፋው ላይ አንዲት የደንገል ታንኳ አለች። ናሆም ይዟታል፣ ሶልያና መጥታ ጫፏን ያዘች፣ ጎተተች፣ ጎተተ፣ ደንገሉ መላላት ጀመረ፣ ናሆም በሌላኛው እጁ ፊቷን ቧጠጣት። ጮኸች።

በዚህ ሰዓት ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆኖ «ናሆም!!» ብሎ መጮህ ሁላችንም ሚቀናን ነው። አትጩሁ። ሂዱ፣ በርከክ በሉ፣ አይናችሁ ከአይናቸው እኩል ይሁን፣ ሁለቱንም ያዟቸው እንጂ አንዱን አትጎትቱ። እጄን ታንኳዋ ላይ አደረግኩና «ታንኳዋን እስክንነጋገር እኔ ልያዝ» አልኳቸው። ልብ በሉ፣ ቀማኋቸው አይደለም፣ እስክንነጋገር ነው ያልኩት፣ ልጆች ይሄን ልዩነት ያውቃሉ። መጀመሪያ የተቧጠጠውን አየሁ፣ ቆዳው አልተላጠም።

ቀጥሎ ስሜቱን በስሙ ጥሩት። «ሶልያና፣ አመመሽ፣ ከፋሽም። ናሆም፣ አንተ ደሞ በጣም ተናደሃል።» በቃ ይሄው ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ጥፋተኛውን ማባበል ይመስለዋል፣ አይደለም። ተናደሃል ማለት መቧጠጥህ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ መቧጠጥ ልክ እንዳልሆነ እዛው ትናገራላችሁ፣ አጭር አድርጋችሁ፣ «መቧጠጥ ያሳምማል፣ አይፈቀድም።» ግን ውስጡ ያለው ነገር ስም ካላገኘ ልጁ ምንም ነገር አይሰማችሁም፣ ጆሮው ተዘግቷል። ወንዶቹ ላይ ደሞ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ሚለውን ተዉት እባካችሁ፣ ማልቀስ የተከለከለ ልጅ ያለው ሌላ አማራጭ መማታት ብቻ ነው።

ከዛ «ምን ተፈጠረ?» በሉ። «ለምን መታሃት?» አትበሉ፣ ለምን ሚለውን እኛም በቅጡ አንመልሰውም። ሶልያና እንደተለመደው ቀድማ ጀመረች፣ «እኔ ፈልጌያት ነበር፣ እሱ ብዙ ተጫወተ፣ ከዛ ቧጠጠኝ»፣ ረጅም አወራች። ናሆም ዝም። እሱ ቃል ቶሎ አይመጣለትም፣ ስለዚህ ጠበቅኩት፣ ውስጤ እስከ አስር እየቆጠርኩ። ዝምታው ይከብዳል፣ ልጅ ግን ሚያስበው በዛ ዝምታ ውስጥ ነው። ከዛ እጁን ሳፋው ላይ ዘርግቶ «ወደ ደሴት... ሰው ጫንኩ» አለ። ለካ ታንኳዋ ላይ ክዳን ደርድሮ ሰው እያሻገረ ነበር፣ ስትጎትታት ሰዎቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ ወደቁበት። ይሄን ሳልሰማ ብፈርድ ኖሮ ናሆም ዝም ብሎ ተማች ልጅ ነበር ሚባለው።

የሰማችሁትን መልሳችሁ ተናገሩ፣ «ናሆም ሰው እያሻገረ ነበር፣ ሶልያና ደሞ ተራዋ እንዲደርስ ትፈልጋለች። ታንኳዋ አንድ ናት። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላችሁ ዝም በሉ። መፍትሄ ካመጡ፣ ለኛ ቂላቂል ቢመስል እንኳ ሁለቱም እሺ ካሉ ይሁን። ሶልያና «እኔ ልሳፈር» አለች፣ ክዳን አመጣችና ተሳፋሪ ሆነች። ካላመጡ ሁለት አማራጭ ስጧቸው፣ ከሁለት በላይ አይሁን። ተራ ከሆነ ሰዓቱን ሚያዩበት ነገር ያስፈልጋል፣ «አምስት ደቂቃ» ለ3 አመት ልጅ ባዶ ቃል ነው፣ ስለዚህ ዘፈን ተጠቀሙ፣ «ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ዘፍነን ስንጨርስ ተራ ይቀየራል»፣ ክፍሉ ሁሉ ይዘፍናል፣ ጠባቂዋም እየዘፈነች ትጠብቃለች።

መጨረሻ ላይ ተመልሳችሁ እዩ። ከአስር ደቂቃ በኋላ «እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ሚረሳው ነው።

«ይቅርታ በል፣ ሳማት፣ በቃ ታረቁ» ስለሚባለው ነገር። ሚቧጥጠው ልጅ ይቅርታ ብሎ ስሞ ዞር ሲል ሌላ ይቧጥጣል፣ ምክንያቱም ቃሉ መውጫ በር ሆኖለታል። የተቧጠጠችውም ፊቷን ላሳመማት ሰው እንድትሳም መገደድ የለባትም። ከዚህ ይልቅ «ምን ብታደርግላት ይሻላታል?» በሉት፣ እርጥብ ጨርቅ ያመጣል፣ የወደቁትን ክዳኖች ይለቅማል፣ የተላላውን ደንገል ከናንተ ጋር ያጠብቃል። ይቅርታው ሲገባው በራሱ ይመጣል።

እና መምታት፣ መቆንጠጥ፣ ጆሮ መጠምዘዝ፣ ማንበርከክ፣ «ለአያ ጅቦ እሰጥሃለሁ»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል»፣ እነዚህ ከዚህ ክፍል ይውጡ። ቆንጥጦ ማሳደግ ሚባለው ነገር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ቢሆንም የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀፅ 36 ህፃናት በትምህርት ቤትና በህፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ በግልፅ ፅፏል። ህጉንም ተዉት፣ ሲማታ የተመታ ልጅ ሚማረው ትልቅ ሲሆን መማታት እንደሚፈቀድለት ነው። በመርፌ የተፈራራ ልጅ ደሞ ክትባት ሲመጣ ወላጁን ጤና ጣቢያ በር ላይ ያስጨንቃል።

4. ንክሻ

ከ1 እስከ 3 አመት ያሉ ልጆች ይነክሳሉ፣ ጥርስ ሲያበቅሉ፣ ሲደክማቸው፣ ሲጨናነቁ፣ ቃል ሲያጡ። ወዲያው ሁለቱን ለዩ፣ ነካሹን በቁጣ ሳይሆን በቁርጥ ድምፅ «አይነከስም፣ ያማል» በሉት፣ ከዛ ወደ ተነከሰው ሂዱ። ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዙለት፣ ቆዳው ተቀዶ ደም ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ የሰው ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል። «እንዲገባው መልሰሽ ንከሺው» ሚሉ ይኖራሉ፣ በፍፁም። ለሁለቱም ወላጅ ንገሩ፣ ለተነከሰው ወላጅ ግን የነካሹን ስም አትናገሩ፣ በር ላይ ወላጅ ከወላጅ ሲጣላ ማስታረቁ ከልጆቹ ይብሳል።

5. መናገር ላልቻለው ልጅ ቃል ስጡት

ይሄ ለኔ የሁሉም ደረጃ ማገር ነው። ሶስት አይነት ልጆችን እያሰብኩ ነው፣ ንግግር የዘገየባቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ እና ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ። ለሶስቱም መጀመሪያ ሚሰራው ነገር አንድ አይነት ነው፣ የእጅ ምልክት። «አቁም»፣ «ተራዬ ነው»፣ «እርዱኝ»፣ «በቃኝ»፣ ከአራት በላይ አትጀምሩ። ዋናው ነገር ምልክቱን ለዛ ልጅ ብቻ አታስተምሩት፣ ለክፍሉ በሙሉ አስተምሩ፣ እኛም እያወራን እንጠቀምበት። ለአንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ማን ያይለታል? ሁሉም ሲያውቀው ግን ጎበዝ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሲናደዱ እጃቸውን ዘርግተው «አቁም» ሲሉ ታያላችሁ። መስማት የተሳናት ልጅ ካለች ምልክቶቹን ዝም ብላችሁ አትፍጠሩ፣ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው ተማሩት፣ በኋላ ትምህርት ቤት ስትገባ ምትጠቀምበት ቋንቋዋ ነውና።

ሁለተኛ ፎቶ። በስልካችሁ የክፍሉን ነገሮች አንሱ፣ ውሃ መጠጫው፣ ሽንት ቤቱ፣ ፍራሹ፣ ምሳ እቃው፣ ግቢው፣ ፕሪንት አስደርጋችሁ በፕላስተር ለብጡት፣ በልጆች ቁመት ግድግዳ ላይ በቅደም ተከተል ለጥፉት። ልጁ ቀጥሎ ምን እንዳለ ያያል፣ ሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል። ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ለውጥ መቀበልን ሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ላለበት ልጅ ይሄ ብዙ ለቅሶ ሊቀንስ ይችላል፣ እነሱን ብዙ ጊዜ ሚያስጨንቃቸው ነገሩ ሳይሆን ድንገት መቀየሩ ነው። ሙዚቃ ሲከፈት ጆሮውን ሚይዝ ልጅ ካለ ድምፁን ቀንሱ፣ ወይ ቀድማችሁ ንገሩትና ዝም ወዳለው ጥግ ይሂድ፣ «ይልመድ» ብላችሁ አታስገድዱት።

ሌላ ቋንቋ ለሚናገረው፣ እናቱን ወይ አባቱን ጠይቃችሁ አስር ያህል ቃል በፊደል ፃፉ፣ ውሃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ ነይ፣ በቃኝ፣ እናትህ ትመጣለች። አገውኛም ይሁን ትግርኛ ይሁን ኦሮምኛ። ለሌሎቹ ልጆችም አስተምሯቸው፣ ያ ልጅ በዛች ደቂቃ አስተማሪ ይሆናል። ወላጅንም «ቤት አማርኛ ብቻ አውሩት» አትበሉ፣ የእናቱን ቋንቋ ጠንቅቆ ሚናገር ልጅ ሁለተኛውን ለመልመድ አይቸገርም።

ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ደሞ አሉ። በር ሲወረወር ሚደነግጡ፣ ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ስር ሚገቡ፣ ጨዋታቸው ሁሉ ተኩስ የሆነ። ጨዋታውን አትከልክሉ፣ ያዩትን ነው ሚጫወቱት፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉና «እሺ፣ የተጎዳውን ማን ይወስደዋል? ቤቱን ማን ይሰራዋል?» እያላችሁ ጨዋታው ወደፊት እንዲሄድ እርዱት። የቀኑ ሰዓት አይቀያየርባቸው፣ የሚቀበላቸው ሰውም አንድ ይሁን።

6. አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ተመልካች አይሁን

ሴሬብራል ፓልሲ (አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት የተነሳ ሰውነትን ማንቀሳቀስ መቸገር) ያለበት ልጅ ክፍል ውስጥ ኖሮ ሁሉም ሲጫወት እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ሚያይ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ አለ አይባልም። ጨዋታውን ወደሱ አውርዱት፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ከሆኑ እሱንም ግድግዳ አስደግፋችሁ ግራና ቀኝ ትራስ አድርጋችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ እቃውን እጁ ሚደርስበት ጎን አድርጉ። አኩኩሉ ሲጫወቱ «አኩኩሉ» ብሎ ተጣሪው እሱ ይሁን፣ ተራ ሲቆጠር ቆጣሪው እሱ ይሁን። ሌላው ችግር ደሞ ከመጠን በላይ መውደድ ነው፣ ልጆቹ እንደ አሻንጉሊት ያቅፉታል፣ ያጎርሱታል፣ ይጎትቱታል። «መጀመሪያ ጠይቁት» ሚል ህግ አውጡ፣ እሱም በአይኑ ወይ በእጁ እሺ ወይ እምቢ ማለት ይችላል፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ከናሆም ታንኳ ጋር አንድ ነው ነገሩ፣ ቃል ባይናገርም ሚፈልገውን እንሰማዋለን።

ምሳ ላይ ደሞ፣ የአንዱ ፆም ነው፣ አንዱ ሙስሊም ነው፣ አንዷ ኦቾሎኒ አይስማማትም። ጉርሻ ጥሩ ባህላችን ነው ግን ማቆያ ውስጥ ሁሉም ከራሱ ምሳ እቃ ይብላ፣ የወላጅ ፈቃድ ካለ በስተቀር።

7. እድገቱ ሲያሳስባችሁ

እናንተ ሀኪም አይደላችሁም፣ «ኦቲዝም አለበት» ብላችሁ ለወላጅ አትናገሩ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። ስሙ ሲጠራ ወደ 1 አመት እየተጠጋ ዞር ማይል፣ 1 አመት ተኩል ሆኖት ሳይደገፍ ማይራመድ ወይ ሚፈልገውን በጣቱ ማያሳይ፣ 2 አመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገናኝቶ («ውሃ ስጪኝ» አይነት) ማይናገር፣ እና ከሁሉም በላይ ይናገረው ወይ ያደርገው የነበረውን የተወ ልጅ ካለ ሳትዘገዩ ንገሩ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አጎቱም እንደዚህ ነበር» ተብሎ አመት ሁለት አመት ይሄዳል፣ ያ ጊዜ ደሞ ብዙ ሊረዳ ሚችልበት ነው። መጀመሪያ ጆሮውን ያስመርምሩ፣ ብዙ የንግግር መዘግየት ከመስማት ጋር ይያያዛል። ጤና ጣቢያ ሪፈር ያፅፉ፣ እኛ ከተማ ፈለገ ህይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች ህፃናት ክፍል አላቸው።

ወላጆቹ እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ የአይን ነገር ነው ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። ፀበሉን አትከራከሯቸው፣ ፀበሉም ይሂዱ ሀኪሙንም ይዩ በሏቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆና ነው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋመችው፣ ይሄን ለእናቶች ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ፣ ልጅ መደበቅ ግዴታ እንዳልሆነ ከሌላ እናት መስማት ሌላ ነው።

8. ወላጅ

በር ላይ ሚመጣላችሁ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፣ አንድ አባት ልጁን ጨብጦ «የመታህን መልሰህ ምታ ብዬዋለሁ፣ እናንተም ተዉት» ይላል። አትጣሉት፣ ልጁ እንዳይጠቃበት ፈርቶ ነው። «ልክ ነዎት፣ ልጅዎ ዝም ብሎ መመታት የለበትም፣ እኛም ራሱን እንዲከላከል እያስተማርነው ነው» በሉና እዛው ልጁን «ለአባባ አሳየው» ብላችሁ እጁን ዘርግቶ «አቁም! አልወድም!» ሲል ያሳየው። ቤት ውስጥ አብረው እንዲለማመዱት ጠይቁት። አብዛኛው አባት ልጁ ጮክ ብሎ ሲናገር ሲያይ ይረጋጋል።

ደብተር ያዙ። ጠብ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ እቃውን፣ ከዛ በፊት ምን እንደነበር፣ እንዴት እንዳለቀ፣ አንድ መስመር ብቻ ፃፉ፣ «5፡20፣ በር አጠገብ፣ ጫማ ስንቀይር፣ ገፈተረ፣ በተራ አደረግነው» አይነት። ደብተሩን ክፍት ትታችሁ አትሂዱ፣ የልጆች ስም አለበት፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አይለጠፍ። አርብ አርብ ከስራ ባልደረቦቻችሁ ጋር አገላብጡት። ሁልጊዜ በር አጠገብ ከሆነ ጫማ መቀየሪያውን ለሁለት ክፈሉት። ንክሻው ሁሉ ከምሳ በፊት ከሆነ ምሳውን ግማሽ ሰዓት አስቀድሙት።